ያርጋል የተሸከመው ወረቀት

ያርጋል በመንገድ ሲያገኘን ወደ ታች ይወርድ ነበር። ከዳባት ወደ ጠጠር አምባ የሚያወጣው መንገድ ጠባብ ነው፤ በላይ በኩል ቋጥኝ፣ በታች በኩል ቀጋና ልቅ ድንጋይ አለ። እሱ ሁልጊዜ የሚወርደው በታች በኩል ነው። አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ፣ ጋቢውን ከራሱ ላይ ገፎ፣ ፊቱን ወደ ሸለቆው አዙሮ ይቆማል። ካለፍን በኋላም ኮቴያችን እስኪጠፋ ንቅንቅ አይልም። ዝናብ ቢዘንብም፣ በትከሻው ጭነት ቢኖርም እንዲሁ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ፊቱን በቅጡ ያየሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ማጅራቱን ግን እንደ ገዛ እጄ አውቀው ነበር። የሸሚዙ ኮሌታ ዙሪያውን ጥቁር መስመር ነበረው፤ በአንገቱ ያሰረው ጠፍር ከላቡ ጋር ያሰመረው ነው። ከጠፍሩ ጫፍ የክብሪት ቀፎ የሚያህል፣ ከክብሪት ቀፎ ግን ወፈር ያለ፣ በፍየል ቆዳ የተሰፋ ነገር ይንጠለጠላል። ውስጡ የታጠፈ ወረቀት አለ።

ያርጋል ባሌን የገደለ ሰው ነው።

ባሌ ሰይፈ ሥላሴ ይባላል። ነገሩ የሆነው በ1971 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ቀይዋ ላማችን ከያርጋል ማሳ ገባች። ያርጋል ለአጥር የሚሆን ቀጋ እየቆረጠ ነበርና በያዘው ፋስ ጀርባ እግሯን መትቶ ሰበራት። ሰይፈ ሥላሴ ሽመሉን ይዞ ሮጠ። ሦስት ጊዜ መታው። አንዱ ትከሻው ላይ፣ አንዱ ክንዱ ላይ፣ ሦስተኛው ግንባሩ ላይ አረፈ። ለአራተኛው ሽመሉን ሲያነሳ ያርጋል ፋሱን ሰነዘረ። በአንገትና በትከሻ መካከል ገባ።

እኔ ምሳ ይዤ እየወጣሁ ነበር። ስደርስ ያርጋል ተንበርክኮ፣ የገዛ ጋቢውን አውልቆ ቁስሉ ውስጥ ሲጠቀጥቅ አገኘሁት። ከግንባሩ የሚወርደው ደም ዐይኖቹን ሞልቷቸው ስለነበር በዳበሳ ነበር የሚሠራው። ቀና ብሎ አየኝ። «ያዢው» አለኝ፣ «እዚህ ላይ ተጫኚው።» ተጫንሁት። ጋቢው ከእጄ ሥር መጀመሪያ ሞቀ፣ ቀጥሎ ከበደ፣ ቀጥሎ ቀዘቀዘ። ቀና ስል ያርጋል የለም። የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበርሁ።

የባሌ ታናሽ ወንድም ገዱ ያን ጊዜ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው። በቀብሩ ማግስት የያርጋልን ቤት አቃጠለው። ጓዳ ውስጥ ሁለት ጥጆች ታስረው ነበር፤ ጩኸታቸው እኛ ደጅ ድረስ ይሰማ ነበር። ያርጋል ወደ ተከዜ ቆላ ወርዶ ዓመት ከመንፈቅ ተደበቀ።

በጠጠር አምባ ደም የሚደርቅበት ሥርዓት ሌላ አገር ይኑር አይኑር አላውቅም። እኛ ዘንድ የገደለ ይሸከማል ይባላል። ሁለቱ ወገኖች በገብርኤል ደጅ ይቀመጣሉ፤ ካህኑ ማን ማንን በምን እንደገደለ፣ ምስክሮቹም እነማን እንደሆኑ በወረቀት ይጽፋል። ከዚያ ወረቀቱ ይታጠፋል። አንዱን እጥፋት የገዳይ እጅ ያጥፈዋል፣ ቀጣዩን የሟች ወገን እጅ፤ እንዲህ እየተፈራረቁ ሰባት ጊዜ። የመጨረሻው ጫፍ ወደ ውስጥ ይሰገሰጋል፤ ሳይቀደድ በቀላሉ አይፈታም። በቆዳ ተሰፍቶ በገዳዩ አንገት ይታሰራል። ወረቀቱ እንደታጠፈ እስከቆየ ድረስ ገዳዩን የሚነካው የለም። እሱም መሣሪያ አይዝም፤ ቢመቱት እጁን አያነሳም፤ ለሟች ቤተ ሰዎች ከመንገድ ይወርዳል እንጂ አያናግራቸውም፤ ለታጠቀ ሰውም ስለ ሸክሙ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ከተፈታ ግን፣ ማንም ይፍታው ማን፣ እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ ራሱ ወደ ሟች ቤት መሄድ አለበት። እዚያ ይግደለው ይማረው የሟች ልጅ ይወስናል።

ሌላም ነገር አለ። በሁለቱ ቤቶች መካከል ከዚያ በፊት ደም ፈስሶ እንደሆነ የድሮው ወረቀት አይጣልም። አዲሱ በላዩ ይታጠፋል። ባሌ በልጅነቱ ይህንኑ ቆዳ በአያቱ አንገት ላይ አይቶታል፤ ተኝተው ሳሉ ሊነካው ሲሞክር እጁን በጥፊ እንደመቱት ነግሮኛል።

እርቁ የወረደው በ1972 ከፋሲካ በኋላ ነው። ካህኑ ከተማሪ ደብተር መሐል ባለመስመር ወረቀት ገነጠሉና ጻፉ። ያርጋል የመጀመሪያውን እጥፋት አጠፈ። ተራው የኛ ሆነ። ገዱ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ደብቆ «እኔ አልነካም» አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የሴት እጅ ይሆናል አይሆንም ተባባሉ። በመጨረሻ አንደኛው፣ «ልጁ አለ አይደለም እንዴ? የሟች ልጅ እያለ ማን ያጥፋል?» አሉ። ባርናባስ ዐሥር ወሩ ነበር። ከጀርባዬ አውርጄ ታቀፍሁት። ጣቱን ይዘው በወረቀቱ ላይ ጎተቱት። ጨዋታ መሰለውና ሳቀ። ሦስቱን እጥፋት ያጠፈው የሱ ጣት ነው። ያርጋል ትይዩ ተቀምጦ ነበር፤ ግንባሩ ላይ የሽመሉ ጠባሳ አለ። ፊቱን ለሁለተኛ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ልጄን እያየ ነበር፤ እንደመሳቅም ከጅሎት መልሶ ዋጠው።

ከእርቁ በኋላ እጁን ለመንግሥት ሰጠና ሰባት ዓመት ታሰረ። ሲመለስ ሹራብ ቆብ መሥራት ተምሮ ነበር። ናዝራዊትን አገባ፤ በተቃጠለው ቤት ቦታ ላይ ቆርቆሮ ቤት ሠራ። ገዱ ሁለት ጊዜ ደብድቦታል። መምታት በደንቡ አልተከለከለም፤ የተከለከለው መግደል ነው። ሁለተኛው ዳባት ገበያ ውስጥ ነበር፣ በእህል ተራ። ገዱ በዱላ አፉን መታው። ያርጋል እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ተመታ። ሲበቃው ጎንበስ አለና ሁለት ጥርሶቹን ከጤፍ ገለባ መሐል ለቅሞ በኪሱ ከተተ። ሰው ሁሉ ያይ ነበር። እኔም ሽንኩርት እየመረጥሁ ነበር፤ መምረጤን አላቆምሁም።

ለያርጋል አዝኜለት አላውቅም፤ ጠልቼውም እንደሆነ አላውቅም። የምፈራው አንድ ነገር ነበር። ባርናባስ ሲያድግ ሸሚዙን ባጠብሁ ቁጥር ኮሌታውን አያለሁ። ያ ጥቁር መስመር በልጄ ኮሌታ ላይ እንዳይወጣ፣ ልጄ ገድሎ እንዳይሸከም፤ ጸሎቴ ይኸው ብቻ ነበር። ገዱ በየበዓሉ እየመጣ «ጠፍሩ የበሰበሰ ዕለት እንጃለት» ይላል። ልጄ ይሰማል።

በ2011 ሊድያ የምትባል ልጅ ከጎንደር መጣች። ለጥናቷ ያረጀ የታጠፈ ወረቀት ትፈልግ ነበር። ከኮሶዬ ጀምራ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ በኩል አንድም ቤተ ክርስቲያን ሳይቀራት ዞራለች። እንደነገረችን፣ ብራና እየተደራረበ የሚታጠፍበትን፣ ሰንሱል የሚባለውን መጽሐፍ ብዙ ቦታ አይታለች፤ የታጠፈ ወረቀት ግን እምብዛም አይገኝም። ወረቀት ድሮ በነጋዴ እጅ የሚመጣ ብርቅ ነበረ፤ ከገባም በኋላ አይጥ ይበላዋል፣ እሳት ያገኘዋል፣ ሰውም ለማቀጣጠያ ይጠቀምበታል። ስለ ያርጋል ሲነግሯት ቤቱ ድረስ ሄደች። የተባባሉትን የነገረችኝ ናዝራዊት ናት፣ በኋላ።

የቆዳው አንድ ጥግ ተበልቶ የወረቀቱ ጠርዝ ይታይ ነበር። ሊድያ በማጉያ መነጽር አየችው። አራት መሆናቸውን ለየች፤ አንዱ በሌላው ውስጥ።

«አባቴ፣ ውስጠኛው በጣም ያረጀ ነው። እስካሁን ካየሁት የታጠፈ ወረቀት ሁሉ ሳይበልጥ አይቀርም» አለችው።

«ይሆናል ልጄ።»

«ቢፈታ እኮ ዕድሜው ይታወቅ ነበር።»

«የኔም ዕድሜ አብሮ ይታወቅ ነበር» አለ ያርጋል።

ናዝራዊት ሳቀች። ልጅቱ ነገሩ የገባት ደንቡ ሲነገራት ነው። አፍራ ይቅርታ ጠየቀች። በውጭ በኩል ለክታ፣ ፎቶ አንስታ፣ ሁለት የሹራብ ቆብ ገዝታ ወደ አምባራስ አለፈች።

በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ ወደኛ ቀረበ። ከዳባት በላይ ያለው ጋራ ሌት ተቀን ይንቀጠቀጥ ነበር። ባርናባስ ከሚሊሻው ጋር ሄዷል። አንድ ቀን ጠዋት ታጣቂዎች ጠጠር አምባ ገቡ። የማን እንደነበሩ አልጽፍም፤ ለኛ ሁሉም እህል የሚጠይቅና በር የሚሰብር ነበር። በመንደሩ የቀሩትን ዐሥራ አንድ ወንዶች አውድማው ላይ ሰበሰቧቸው። እኛን ሴቶቹን በካቡ ሥር አስቀመጡን። አንድ በአንድ ሲፈትሹ ከያርጋል ደረሱ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አንደኛው፣ ቆዳውን በሳንጃው ጫፍ አንሥቶ።

ያርጋል ዝም አለ።

«ሽማግሌ፣ ጠየቅሁህ። ክታብ ነው?»

ዝም። ደንቡ የሚለው እንደዚያ ነው፤ ለታጠቀ ሰው አይናገርም። ደንቡ ግን የሚይዘው እሱን ብቻ ነው። እኛ ልንናገር እንችል ነበር። የሟች ሚስት እኔ ነኝ፤ ከኔ የበለጠ ማን ይናገር? አፌን ከፈትሁ፤ ድምፄ አልወጣም። እስከዛሬ ያችን ደቂቃ አስባታለሁ።

በሰደፍ ጎኑን መቱት። ወደቀ። ጠፍሩን በጠሱ፣ ቆዳውን ሰነጠቁ፣ ከላይ ያለውን ወረቀት ቀድደው ዘረጉት። ሌላውን ሳያነቡ የስም ዝርዝር አገኙ፤ የምስክሮቹ ነው። «ይኸውላችሁ» አለ ያው ሰው ለጓደኞቹ። «ይኼ መልእክተኛ ነው።» ስሞቹን እየጠራ ማን ማን እዚህ እንዳለ ጠየቀ። ሁሉም ከሞቱ ቆይተዋልና አቤት የሚል አልነበረም። ዝምታው ያበግነው ጀመር። በእያንዳንዱ ስም ያርጋልን አንድ ጊዜ ይመቱት ነበር። የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ከካቡ ሥር ሆነን ሰማነው። የግራ ጆሮውን ጫፍ ቆረጡት። ራሱን ሲስት ወረቀቱን ጭቃ ላይ ጥለው ሄዱ። ሲነቃ መጀመሪያ ያደረገው በሆዱ ተስቦ ወረቀቱን መሰብሰብ ነው።

ባርናባስ በማግስቱ ተመለሰ። አራት ጓደኞቹን በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀብሯል። ሳይታጠብ፣ ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ መደብ ላይ ተቀመጠ። ገዱ ዜናውን ሰምቶ ከሱ ቀድሞ ቤታችን ገብቶ ነበር።

«ተፈታ እኮ» አለው።

«ሰምቻለሁ። እሱ አይደለም የፈታው።»

«ማንም ይፍታው ምን ቸገረህ? ደንቡ ከተፈታ ነው የሚለው።»

«አያ ገዱ፣ ሳምንት ሙሉ ሰው ስቀብር ነው የከረምሁት።»

«የሰው ልጅ ቀበርህ። አባትህን መች ቀበርህ?»

«አባቴን አላውቀውም።»

«እሱ ነዋ። የምታውቀው የናትህን ቀሚስ ነው።»

 ልጄ የክላሹን ምላጭ በአውራ ጣቱ ያሸው ነበር። ያን ሌሊት ገዱም እሱም አልተኙም።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ጋራውን ገና ሳትወጣ፣ ያርጋል መጣ። በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሟል። ጆሮው በጨርቅ ታስሯል፤ ሲተነፍስ ጎኑ ያፏጫል። ከጎኑ መሪጌታ ቃለ አብ፣ የዚያን ጊዜው ካህን ልጅ፣ ጥቅሉን በንጹሕ ነጠላ ይዘው አሉ። ናዝራዊት ከበሩ ውጭ ቆማለች። ያርጋል ከግቢው መሐል ተንበረከከ። ፊቱን አየሁት፤ ሦስተኛው ጊዜ ይህ ነው። ድንጋዩ ከብዶት ሳይሆን እንቅልፍ የያዘው ነበር የሚመስለው።

«ያባትህ ገዳይ ነኝ» አለው ለባርናባስ። «የተሸከምሁት ተፈቷል። ቀኑ ሦስት ነው፤ መጥቻለሁ።»

ባርናባስ ክላሹን አቀባበለና ቆመ።  ከዚያ፣ «መሪጌታ፣ መጀመሪያ ያንብቡልኝ» አላቸው።

ሰፌድ አመጣሁ። ወረቀቱን ሰፌዱ ላይ አኖሩት። የተቀደደውን ገጣጥመው አነበቡ፤ ያርጋል ሰይፈ ሥላሴን በፋስ እንደገደለ፣ ከዚያ በፊት ሰይፈ ሥላሴ ሦስት ጊዜ በሽመል እንደመታው።

«ሦስት ጊዜ ይላል?»

«ይላል ልጄ።»

«ይህን የነገረኝ የለም» አለና ወደኔ ዞረ። መሬት መሬቱን አየሁ።

«ስንት ጊዜም ይምታው» አለ ገዱ። «የሞተው ማን ነው?»

ባርናባስ አልሰማውም። «የሚቀጥለውን ይፍቱት» አላቸው መሪጌታን። «ከኛ ስንት፣ ከነሱ ስንት እንደሞተ ማወቅ እፈልጋለሁ። እኩል ከሆነ የምበቀለው የለም።»

ሁለተኛው ወፍራም፣ ቢጫ ወረቀት ነበር። ያን የተሸከሙት የባሌ አያት ናቸው፤ የያርጋልን አጎት በሠርግ ዳስ ውስጥ በጥይት ገድለዋል። ሦስተኛው ሻካራ ነው፤ ቀለሙ ወደ ቀይ አጋድሏል። በአንድ በግ የተነሣ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከዚህ አንዱ ከዚያ፣ በአንድ ቀን በጦር ተወጋግተው ሞተዋል።

መሪጌታ በጣታቸው ቆጠሩ። «እስካሁን ከዚህም ሁለት፣ ከዚያም ሁለት።»

«እኩል ነው እንግዲህ» አለ ባርናባስ። ትከሻው ሲወርድ አየሁት። አፈ ሙዙም አብሮ ወረደ።

«አንድ ቀርቷል» አለ ገዱ።

በሰፌዱ ላይ የቀረው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። መልኩ የደረቀ የትምባሆ ቅጠል ነው። ሊድያ የፈለገችው ያ ነበር።

«መጀመሪያ የሞተው የኛ ከሆነስ?» አለ ገዱ። «ሦስት ለሁለት ነው። ፍታው።»

ያርጋል ድንጋዩን እንደተሸከመ ተናገረ። «ባርናባስ፣ የኔ ከላይ ያለው ነው። እኔን ብለህ እዚያ ድረስ አትግባ። እኔን እንደሆነ አግኝተኸኛል።»

«ማን እንደጀመረው ሳላውቅ አልተውም» አለ ልጄ። ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር። መሪጌታ እጃቸውን ሰበሰቡ፤ እሳቸው አልነካም አሉ። ስለዚህ ራሱ ጀመረ። እርፍ የሚጨብጥ ጣት ነው። የመጀመሪያው እጥፋት ተከፈተ። ሁለተኛው ሲከፈት ተሰነጠቀ። ሦስተኛው ላይ ወረቀቱ በየመታጠፊያው ተለያይቶ ተበተነ፤ ፍርፋሪ ብቻ ሆነ። በአንዱ ላይ የፊደል እግር፣ በአንዱ ላይ ግማሽ ክብ ይታይ ነበር። ስም የሚሆን ግን አልነበረም።

ነፋስ ከገደሉ በኩል መጣ።

ባርናባስ ክላሹን ካቡ ላይ ጣለና በሁለት እጁ ሰፌዱን ከለለ። ፍርፋሪው በጣቶቹ መሐል ይወጣ ጀመር። ያርጋል በጉልበቱ ቀረብ ብሎ የገዛ መዳፎቹን ከወዲያ በኩል አቆመ። ድንጋዩ አንገቱ ላይ እንዳለ ነው። ራሶቻቸው ሊነካኩ ትንሽ ነበር የቀራቸው። «በዚህ በኩል ያዘው» ሲለው ሰማሁ። ልጄ ያዘው።

ገዱ ክላሹን ከካቡ ላይ አንሥቶ ተኮሰ።

አንድ ጥይት ናት። በያርጋል ጀርባ ገብታ በደረቱ ወጣች። ድንጋዩ ከአንገቱ ተንከባሎ ወደቀ፤ እሱም ሰፌዱ ላይ ተደፋ። የልጄ ፊት በደም ተረጨ። መጀመሪያ የሱ መስሎኝ ነበር።

ባርናባስ ተነሥቶ ክላሹን ከገዱ እጅ ነጠቀው። በአፈ ሙዙ ይዞ በሰደፉ አፉን መታው። ገዱ ወደቀ። ጥርሱ ከደሙ ጋር ወጣ። ደገመው፤ አገጩ ተሰበረ። ሦስተኛውን ለጭንቅላቱ ከፍ ሲያደርግ ሮጬ ገዱ ላይ ተኛሁበት። ሰደፉ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ቅርንጫፍ ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ፤ አጥንቴ ነው።

«እማዬ፣ ተነሺ» አለኝ።

«አልነሣም።»

«እማዬ፣ ተነሺልኝ።»

«አልነሣም። ትገድለውና ትሸከማለህ።»

ገዱን ወድጄው አላውቅም። የጥጆቹን ጩኸት ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ ዐይኑን አይቼ አላናገርሁትም። ከሥሬ ሆኖ እንደ በግ ሲያንኮራፋ ይሰማኝ ነበር፤ ደሙ ደረቴን አሞቀኝ። ልጄ ሰደፉን እንዳነሣ በላዬ ቆሞ ነበር። ምን ያህል እንደቆመ አላውቅም። ከዚያ መሣሪያው ሲወድቅ ሰማሁ።

ናዝራዊት ባሏ ዘንድ ደርሳ ነጠላዋን ቁስሉ ላይ ትጫን ነበር። ጠንክራ ትጫን ነበር። ጨርቁ ከእጇ ሥር ሲከብድ አውቄዋለሁ፤ እንዳትለቀው ግን አልነገርኋትም፣ እንድትለቀውም አልነገርኋትም። ፀሐይ ግቢያችን ሳትደርስ ሞተ።

በአርባው ቀን በገብርኤል ደጅ ተቀመጥን። ገዱ አገጩ በጨርቅ ታስሮ፣ ሁለት ፖሊሶች ከኋላው ቆመው መጣ። መሪጌታ ቃለ አብ አዲስ ወረቀት ጻፉ። ሦስቱ የድሮ ወረቀቶች በየመታጠፊያቸው ተመለሱ፤ ከሰፌዱ የተሰበሰበው ፍርፋሪም፣ ከደም ጋር የተጋገረው ጭምር፣ መሐላቸው ገባ። ገዱ አራት ጊዜ አጠፈ። የሟች ወገን እጅ ሲጠራ የሴት እጅ ይሆናል አይሆንም ያለ የለም፤ ናዝራዊት ቀርባ ሦስቱን አጠፈች። እያንዳንዷን እጥፋት በጥፍሯ ሁለት ጊዜ ሄደችባት። ገዱ አሁን ጎንደር ታስሮ ነው ያለው፤ ጥቅሉ በአንገቱ እንዳለ ሄደው የጠየቁት ይናገራሉ።

በ2016 መንገዱ አንድ ሰሞን ሲከፈት ሊድያ በሚኒባስ ዳባት መጣች፤ ከዚያ በእግሯ ወደኛ ወጣች። ያርጋል መሞቱን ሰምታለች። ስለ ወረቀቱ ለመጠየቅ ከብዷት ሻይዋን ስታማስል ብዙ ቆየች። የሆነውን ሁሉ ነገርኋት።

«ውስጠኛው ጠፋ ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ።

«የቀረው ገዱ አንገት ላይ ነው።»

ሰፌዱን ልታየው ፈለገች። ከዚያን ቀን ወዲህ አልተጠቀምሁበትም፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ደጅ አውጥታ በማጉያ መነጽሯ ስንጥቅ በስንጥቅ አየችው። ከሰዓት በኋላ ሙሉ አየችው። በስፌቱ መሐል ሦስት ፍርፋሪ ተሰግስጎ አገኘች። አንዱ የምስር ፍሬ ያህላል። በጉጠት አውጥታ በነጭ ወረቀት ላይ አኖረችውና መነጽሩን ሰጠችኝ። ጽሑፍ የለበትም። በመሐሉ ግን አንድ ቀጥ ያለ መስመር አልፏል።

«እጥፋቱ ነው» አለች። «ይህን ያህል ያረጀ እስካሁን አላገኘሁም።»

መውሰድ ትችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። የኔ ብቻ አልነበረምና ናዝራዊት ቤት ሄድን። እኔና ናዝራዊት ከአርባው ወዲህ እንነጋገራለን፤ ያልተነጋገርንበት ዘመን ብዙ ስለሆነ ወሬ አያልቅብንም። ደንቡ ምንም ነገር ከጥቅሉ ውጭ እንዳይቀር ያዛል፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ናዝራዊት በመነጽሩ አየችውና መልሳ ሰጠቻት።

«ትውሰደው» አለች። «አንዱ እንኳ ከሰው አንገት ይውረድ።»

ባርናባስ ክላሹን መልሷል። ብዙ አይናገርም። በያርጋል ማሳ በኩል ሲያልፍ ከናዝራዊት አጥር የተነቀለ ቀጋ ካለ ይተክላል። ትከሻዬ ሲበርድ ይነዝረኛል፤ በቀኝ እጄ ውኃ መቅዳት አልችልም። መርፌ ግን እይዛለሁ። ባለፈው ሳምንት የሥራ ሸሚዙ ኮሌታ ተተርትሮ እንድሰፋለት አመጣልኝ። ወደ በሩ ወጥቼ በፀሐይ ገለበጥሁት። ዙሪያውን በጣቴ ዳሰስሁት። ላብና አቧራ ነበረበት፤ ሌላ መስመር አልነበረበትም። ሰፋሁለት።